ወዳጅ መንገድ ላይ ነው!

ኧረ ስሙኝማ! ሰው የሚገኝበት መንገድ አግኝቻለሁ! ካሚኖ ዴ ሳንቲያጎ ይባላል! ፈረንሳይ ድንበር ላይ ካለችው ከሴን ዣን ፒዬ ደ ፖር ይነሳል። የፒሬኔን ተራራ ይሻገራል። ሰሜን ስፔንን ሰንጥቆ ሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ ይገባል። ወደ 780 ኪሎ ሜትር! በእግር! የሐዋርያው ያዕቆብ መቃብር አለበት የሚባለውን ካቴድራል ለመሳለም ሰው ከጥንት ጀምሮ የሚጓዝበት መንገድ ነው።

መንገድ መጥፋት የሚባል ነገር የለም! ቢጫ ቀስት ግድግዳው ላይ፣ ድንጋዩ ላይ፣ ዛፉ ላይ! እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የኦ ሴብሬይሮው ቄስ አባ ኤሊያስ ቫሊኛ ቀለም ይዘው እየዞሩ የቀቡት ምልክት ነው። ነፍሳቸውን ይማር፣ እንዴት ያለ ጽድቅ ነው!

ሰዎቹስ! ወይ ሰዎቹ! ያገኛችሁት ሁሉ «ቡዌን ካሚኖ!»፣ መልካም መንገድ! ይላችኋል። ገበሬው ከማሳው፣ አሮጊቷ ከመስኮቷ! ኮሪያዊቷ፣ ብራዚላዊው፣ ጣሊያናዊው ጡረተኛ፣ ሁሉም ቦርሳው ላይ ዛጎል አንጠልጥሎ ወደ አንድ አቅጣጫ ይጓዛል። «ሥራሽ ምንድን ነው?» ያለኝ የለም። «እግርሽ እንዴት ነው?» ነው ጥያቄው! ስሙን እንኳ የማላውቀው ሰው ተንበርክኮ ውኃ የቋጠረ ጣቴን በፕላስተር አሰረልኝ። ዓይኔ እንባ ሞላ!

ጠዋት ቡና አብራችሁት የጠጣችሁት ሰው ከዓይን ይሰወራል። በቃ ተለያየን ስትሉ፣ ማታ ማደሪያው በር ላይ ጫማውን ሲያወልቅ ታገኙታላችሁ! ጩኸቱ! ሳቁ! መተቃቀፉ! ከስደት የተመለሰ ዘመድ ነው የሚመስላችሁ!

ግራንዮን የምትባለዋን መንደር ደግሞ በምንም ተአምር እንዳታልፏት! የሚታደረው እዚያው የመጥምቁ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ። አንዱ ሽንኩርት ይከትፋል፣ አንዱ ሳህን ያጥባል፣ ራት በጋራ ይበላል። የመዋጮው ሣጥን ክዳኑ ክፍት ነው! የቻለ ያስቀምጣል፣ የቸገረው ይወስዳል! አቤት እምነት! ከራት በኋላ ሻማ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ሻማው የደረሰው በገዛ ቋንቋው ይጸልያል። እኔ በአማርኛ ጸለይኩ። አንዲት ቃል ያልገባቸው ሁሉ «አሜን» አሉ! ሰውነቴን ውርር አደረገኝ!

ለገና ላሊበላ፣ ለመስከረም ግሸን በእግሩ የሚወጣ ሕዝብ ልጆች አይደለን እንዴ? ይሄ መንገድ የእኛም ነው!

ጊዜ የለኝም የሚል እዚያው መንገድ ላይ ካለችው ከሳሪያ ከተማ ይነሳ! የመጨረሻውን 100 ኪሎ ሜትር ማኅተም እያስመታ በእግሩ የጨረሰ፣ ሳንቲያጎ ላይ «ኮምፖስቴላ» የሚባለውን የምስክር ወረቀት ይቀበላል። እግራችሁ የለመደውን ጫማ አጥልቁ! ቦርሳችሁን አቅልሉ! አብሮኝ የሚሄድ ሰው የለኝም ብላችሁ እንዳትቀሩ! ሂዱ፣ በእናታችሁ ሂዱ!