የሞተ ተጎዳ፤ የረሳስ?

«የሞተ ተጎዳ» ይላል አገሬው። አባባሉ ከተሞቻችን ዘንድ ሲደርስ ግን የግንባታ መመሪያ ሆኖ ያረፈ ይመስላል።

ወረታን እንውሰድ። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄደው አውራ ጎዳና ወደ ደብረ ታቦርና ወልድያ የሚገነጠለው እዚያ ነውና ከተማዋ የመንገድ ልጅ ናት። ዙሪያዋን ባለው የፎገራ ሜዳ፣ ሩዙ መሐል ጠቆር ያለ ደን ከሩቅ ከታየ፣ ውስጡ ቤተ ክርስቲያን አለ ማለት ነው። በደቡብ ጎንደር ብቻ እንዲህ ያሉ ደኖች ከሺህ ይበልጣሉ። ከዛፎቹ ሥር ደግሞ የትውልድ አጽም አለ።

ባላገሩ ሬሳውን በቅጽሩ ውስጥ ይቀብራል፤ ድንጋይ ይከምርበታል፤ ስም ግን አይጽፍበትም። መታሰቢያው በአርባው፣ በሰማንያውና በሙት ዓመቱ ነው። ይህ ሥርዓት የሚያምረው ዘመድ ከቀዬው ሳይነቀል ሲኖር ነው። ልጅ ከተማ ገብቶ ተዝካሩ ሲቋረጥ መቃብሩም አብሮ ይጠፋል። ለጋብቻ ሰባት ቤት የሚቆጥር ሕዝብ የቅድመ አያቱን መቃብር ማሳየት ያቅተዋል። ከተማው እየሰፋ ቅጽሩ ድረስ ሲደርስ፣ ቀያሹ የሚያየው የድንጋይ ክምርና ባዶ መሬት ነው። ጥፋቱን ሁሉ በማዘጋጃ ቤት ላይ መጫንም አያዋጣም፤ በየከተማው በቅጽራቸው ዙሪያ ሱቅ ሠርተው የሚያከራዩ አድባራት ጥቂት አይደሉም።

ነገሩ የትንንሽ ከተሞች ብቻ አይደለም። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ 60 ያህል ሰዎችን በአዲስ አበባው ዓለም በቃኝ ረሽኖ እዚያው ቀበራቸው። ደርግ ከወደቀ በኋላ አጽማቸው ወጥቶ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አረፈ። ወኅኒ ቤቱም ፈርሶ፣ በቦታው ቻይና ያሠራችው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ጥር 19 ቀን 2004 ዓ.ም. ተመረቀ። የሕንፃው ቁመት 99.9 ሜትር ነው፤ ኅብረቱ እንዲመሠረት በሲርት የታወጀበትን 9/9/1999 እ.ኤ.አ. እንዲያስታውስ ተብሎ ነው። እንግዲህ ሕንፃ ማስታወስ ይችላል ማለት ነው! ሊቢያ ውስጥ የዋለን ቀን በቁመቱ የሚዘክር ሕንፃ፣ ስለቆመበት መሬት ግን ቅርጹ አንድም ቃል አይተነፍስም።

ሌላ መንገድ አለ። በኒውዮርክ በ1991 እ.ኤ.አ. ለመንግሥት ቢሮ መሠረት ሲቆፈር የጥንት አፍሪካውያን መቃብር ተገኘ፤ የ419 ሰዎች አጽም ወጣ። ጥቁሮቹ ነዋሪዎች ተቆጡ፤ የግንባታው ዕቅድ ተለወጠ። አጽሙ በ2003 እ.ኤ.አ. በክብር ተመልሶ ተቀበረ። ቢሮውም ተሠራ፤ ከጎኑ ሐውልት ቆመ።

ሕያው ቤት ያስፈልገዋል፤ ሜዳው ሁሉ መካነ መቃብር ሆኖ ይቅር የሚል የለም። ወረታና መሰሎቿ ፕላን ከማስነሣታቸው በፊት ግን ካህናቱንና ሽማግሌዎቹን ጠይቀው የመቃብሩን ወሰን ካርታው ላይ ያስፍሩ። ወጪው የአንድ ቀያሽ ጥቂት ቀን ነው። የሚያሳዩት ሽማግሌዎች ግን በየዓመቱ እያነሱ፣ እነርሱም ስም ወዳልተጻፈበት ድንጋይ ሥር እየገቡ ነው።