ከፖሊሽ በፊት ያለችው ሰዓት

ጥር ሲገባ በምዕራብ ጎጃም፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ላቫጆዎች ደጃፍ ወረፋው ይረዝማል። የሠርግ ወር ነው፤ ሙሽሮቹን የሚጭነው ኮሮላም፣ አጃቢ ይዞ የሚከተለው ሚኒባስም አብረቅርቆ መውጣት አለበት። ፖሊሹ ይቀባል፣ ማሽኑ ይዞራል፣ ኮፈኑ ፊት ያሳያል፣ ባለቤቱም ደስ ብሎት ከፍሎ ይሄዳል። ሪባኑ ተፈትቶ መኪናው ሁለት ጊዜ ከታጠበ በኋላ ግን ፀሐይ በሰያፍ ስትመታው የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት ብቅ ይላል። ድሮም የነበረ ጭረት ነው፤ አዲስም ተጨምሮበታል። ያኔ ሰው ሁሉ ፖሊሹን ይወቅሳል።

እኔ የምወቅሰው ከፖሊሹ በፊት ያለችውን ሰዓት ነው። አሮጌው ሰም ተነስቶ፣ ሬንጁና ቅባቱ ጠፍቶ፣ ቀለሙ ያለ ምንም ሽፋን የሚታይባት ሰዓት እሷ ናት። የወልዋይን ሙያ መለየት የሚፈልግ ሰው ሥራው ሲያልቅ መጥቶ በብርሃኑ አይፍረድ። መሃል ላይ፣ መኪናው ደብዝዞ ጉዱ ሁሉ ሲታይ ይምጣ። ያን ጊዜ የሚያየው ነገር የሠራተኛውን እጅም ሐቀኝነቱንም ይነግረዋል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ከፋብሪካ የወጣ የመኪና ቀለም ከታችኛው ፕራይመር እስከ ላይኛው ክሊር ድረስ ተደማምሮ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 180 ማይክሮን ነው፤ አንድ ሺህ ማይክሮን አንድ ሚሊሜትር መሆኑን ያስቡ። የደብተር ወረቀት ውፍረት ወደ 100 ማይክሮን ይጠጋል። ከዚያ ውስጥ ፀሐይን የሚመክተው ክሊር ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ቢሆን ነው። ፖሊሽ ደግሞ ጭረትን የሚያጠፋው ቀለምን በመፋቅ ነው፤ በየጊዜው ጥቂት ማይክሮን ይወስዳል። አሮጌ ሰም ባለበት ላይ የተነሳ ማሽን ሰሙን እያሟሸሸ ስፖንጁን ይደፍነዋል፤ ሰሙ ይዞት የቆየውን አቧራም አብሮ ይፈጫል። ሰሙና ዘይቱ ጭረቱን ስለሚሞሉትም ሠራተኛው የሚፋቀውንና የማይፋቀውን ለይቶ ማየት አይችልም። ስለዚህ በግምት ይፍቃል። የማይተካ ነገር በግምት ሲፋቅ ማየት ያሳዝነኛል።

በእኛ አገር ደግሞ ዝግጅቱ ከሌላው ቦታ ይከብዳል። ከጅጋ ወይም ከማንኩሳ አስፋልቱን ትቶ ወደ ገጠር የሚገባ መኪና በበጋ ቀይ አቧራ ለብሶ ይመለሳል። ይህ አፈር ደቃቅ ስለሆነ በበር መጋጠሚያ፣ በስፖኪዮው ሥር፣ በነዳጅ መክፈቻው ዙሪያ ገብቶ ይጋገራል። ጠዋት ጠዋት ሾፌሮች በደረቅ ጨርቅ ሲያራግፉት አያለሁ፤ በእያንዳንዱ ማራገፍ ቀለሙ ይጫራል። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ግድም ላይ ናት፣ ቡሬ ደግሞ 2,000ውን ታልፋለች። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በየሺህ ሜትሩ ከ10 እስከ 12 በመቶ ስለሚጨምር ጣራና ኮፈን ቶሎ ይነዳሉ። ጥላ ፍለጋ ዛፍ ሥር የቆመ መኪና ላይ ደግሞ ሙጫና የወፍ ኩስ ይወርዳል።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ አድርጎ ወደ እኛ የሚመጣ መኪና ሁሉ ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን የአባይን በረሃ ወርዶ ይወጣል። በዚያ ረጅም ቁልቁለት ፍሬኑ ሲግል የሚረግፈው ደቃቅ ብረት ከጎማው ጀርባ ባለው ቀለም ላይ ይተከላል፣ ውሃ ሲያገኝም ይዝጋል። ነጭ መኪና ላይ የሚታዩት ጥቃቅን ብርቱካናማ ነጠብጣቦች ብዙውን ጊዜ እነዚህ ናቸው። ባለመኪናው ግን የጎጃም ቀይ አፈር ይመስለዋል። አፈር በሳሙና ይለቃል፣ ብረቱ አይለቅም። ለዚህ የተሠራ ፈሳሽ አለ፤ ብረቱን ሲያገኝ ወደ ሐምራዊ ይለወጣል። የያዘ ሠራተኛ ካገኙ መልካም። ባይኖረው እንኳ ነጠብጣቡን አይቶ ምን እንደሆነ የሚነግርዎ ሰው ሙያውን ያውቃል።

ወደ ሥራው እንምጣ። መጀመሪያ የሚታየው መኪናው የቆመበት ቦታ ነው። ጥላ መሆን አለበት፤ ኮፈኑም በመዳፍ ሲነካ ቀዝቃዛ። በጋለ ብረት ላይ ሳሙና ይደርቃል፣ ውሃው ተንኖም ነጭ ክብ ይተዋል። ቀጥሎ፣ ጨርቅ ከመንካቱ በፊት ውሃ ብቻ ከጣራ ወደ ታች ይውረድ፤ አሸዋው በራሱ ይሂድ። ጎማና ቸርኬ የሚታጠብበት ጨርቅ ለብቻው ነው። እኔ በዚህ ሰዓት ዓይኔ የሚያርፈው መሬት ላይ በወደቀ ስፖንጅ ላይ ነው። አንስቶ፣ ጨምቆ፣ መልሶ በሩ ላይ የሚያሳርፍ ሰው ካየሁ ፖሊሹን እንዳይጀምር እለምነዋለሁ።

አሮጌውን ሰም ለማስለቀቅ ብዙዎቹ ኦሞ ይበትናሉ። ኦሞ ለልብስ ነው፤ ኃይለኛ ነው፣ ያልሟሟ ዱቄቱም ይጭራል። ከፖሊሽ በፊት ለሚደረግ አንድ እጥበት በደንብ የቀጠነ ላርጎ ይሻላል፤ ቅባት ይቆርጣል፣ ሰሙንም ያዳክማል። በየሳምንቱ ለሚታጠብ መኪና ግን አልመክርም፤ ሊጠበቅ የሚገባውን ሰምም ይዞ ይሄዳል። ላርጎ ብቻውን ሁሉንም ሰም አያነሳም፤ በተለይ ዛሬ በየሱቁ የሚሸጡት ሰው ሠራሽ ማለስለሻዎች ጽኑ ናቸው።

አሁን ስለ ነጭ ጋዝና ናፍጣ። እዚህ ላይ ቆም ማለት አለብኝ፤ ትልቁ መታለል ያለው እዚሁ ነው። የአስፋልት ሬንጅ በውሃና በሳሙና አይለቅም። በጥቂት ነጭ ጋዝ የረጠበ ጨርቅ ነጥቡ ላይ አሳርፎ፣ እስኪሟሟ ጠብቆ፣ ሳይጫኑ ማንሳት ትክክለኛ ሥራ ነው። የሠርግ ጌጥ የተለጠፈበት ፕላስተር የተወው ሙጫም እንዲሁ ይነሳል። ነገር ግን ጋዙ ቅባት ትቶ ይሄዳል፤ ወዲያው በሳሙና ካልታጠበ ሥራው አልተጨረሰም። አንዳንዱ ይህንኑ ቅባት እንደ ውበት ይሸጠዋል። መላ መኪናውን ናፍጣ በነካ ጨርቅ ይጠርገዋል፣ ቀለሙ ይጨልማል፣ ጭረቱ ይሰወራል፣ መኪናው አዲስ ይመስላል። በማግስቱ አቧራው ሁሉ እላዩ ላይ ተጣብቆ ያድራል፣ የበሩ ጎማም ቀስ በቀስ ይላላል። ለማወቅ ሶፍት ይበቃል። ነጭ ሶፍት በደረቁ ኮፈን ላይ ጫን አድርገው ያሳርፉና ወደ ብርሃን ያንሱት፤ ቅባት ካለ ወረቀቱ ብርሃን ያሳልፋል። ቤንዚን ይዞ የሚመጣ ሰው ከሆነ በቀጥታ ይከልክሉት፤ የእሳት አደጋው ብቻ ይበቃል። ቲነርም እንደገና በተቀባ መኪና ላይ ቀለሙን ራሱን ሊያነሳ ይችላል።

ከዚያ የውሃ ፈተና ይመጣል። በሃይላንድ ውሃ ይዘው ኮፈኑ ላይ ቀስ አድርገው ያፍስሱ። ውሃው ተሰባስቦ ክብ ክብ ጠብታ ከሠራ ሰም ወይም ቅባት ገና አለ። ወጥ ሆኖ ተዘርግቶ ከወረደ ቀለሙ ወደ ንጽሕና ቀርቧል። ቀርቧል ያልኩት አውቄ ነው፤ በደንብ ያልተለቀለቀ ሳሙናም ውሃውን ስለሚዘረጋው ሊያታልል ይችላል። ስለዚህ ጎበዝ ሠራተኛ ሁለት ጊዜ ያለቀልቃል፣ ከዚያም በውሃ በቀጠነ አልኮል ንጹሕ ጨርቅ አርጥቦ ክፍል በክፍል ይጠርጋል። አልኮሉ ከፋርማሲ የሚገዛው ነው። ከኮሮና ጊዜ የተረፈ ሳኒታይዘር አይሆንም፤ የዓለም ጤና ድርጅት ቀመር እጅ እንዳይደርቅ ብሎ ግሊሰሪን ጨምሮበታል፣ ግሊሰሪኑም ቀለሙ ላይ ይቀራል። አረቄ የሚሞክርም አለ፤ ከጥንስሱ የመጣ ሌላ ብዙ ነገር ስላለው ለዚህ ሥራ አይታመንም።

ዓይን ንጹሕ ያለውን እጅ ሊክደው ይችላል። ከታጠበና ከደረቀ በኋላ እጅዎን ስስ ፌስታል ውስጥ ከተው ጣቶችዎን በቀለሙ ላይ ያንሸራቱ፤ በባዶ እጅ የማይሰማው ሻካራ ነገር በፌስታሉ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይሰማል። ይህን ለማንሳት የተሠራው ጃፓኖች ያስተዋወቁት ክሌይ የሚባለው በእጅ የሚለነቀጥ ነገር ነው። በሳሙና ውሃ በረጠበ ቀለም ላይ ያለ ጫና ይንሸራተታል፣ የተተከለውን ነቅሎ ይወጣል። ሲቆሽሽ ይታጠፋል፤ መሬት ከወደቀ ይጣላል። ውድ ነው ብሎ የወደቀውን አጥቦ የሚመልስ ሰው አሸዋውን ከውስጡ ማውጣት እንደማይችል አላወቀም። ክሌይ ከሌለ ሻካራው ይቅር፤ በምትኩ የብርጭቆ ወረቀት ሲነሳ ካዩ ግን ሥራውን ያስቁሙ።

ከሁሉ የሚያስደስተኝ ሠራተኛ ግን ስለ መኪናው የሚጠይቅ ነው። "ወንድምዓለም፣ ይሄ በር ተቀብቷል?" ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ብዙዎቹ የ1980ዎቹ ኮሮላዎችና ላንድክሩዘሮች፣ በተለይ ሜታሊክ ያልሆኑት፣ ክሊር የላቸውም፤ ላይኛው ሽፋን ቀለሙ ራሱ ነው። ገና ሲጠረጉ ጨርቁ ቀይ ወይም ሰማያዊ ይሆናል። ይህን ያየ ልምድ የሌለው ሰው ይደነግጣል፤ ልምድ ያለው ግን ሞቶ የነጣውን የላይኛውን ሽፋን እያነሳ መሆኑን ያውቃል፣ በቀላሉም ይሠራል። ባለ ክሊር መኪና ላይ ጨርቁ ከተቀለመ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ክሊሩ አልቋል ማለት ነው፣ እዚያ ላይ ፖሊሽ መጨመር ጥፋት ነው። በጋራዥ ስቱኮ ተደርጎበት የተቀባ ክፍልም ለብቻው መታየት አለበት። ማግኔት በጨርቅ ሸፍኖ ብረቱ ላይ ማስጠጋት ይበቃል፤ ስቱኮው ወፍራም በሆነበት ማግኔቱ ይላላል። አዲስ የተቀባ ከሆነ ቢያንስ አንድ ወር ሰም ሊነካው አይገባም፤ በውስጡ የቀረው ቲነር ገና እየወጣ ነው።

ቀለሙ ከተራቆተ በኋላ የስልክዎን ባትሪ አብርተው ከአጠገቡ ይያዙት። በብርሃኑ ዙሪያ ጭረቱ ሁሉ ይወጣል። አሁን ከሠራተኛው ጋር ሆነው ይዩት። ጥፍር የሚይዘው ጥልቅ ጭረት በፖሊሽ አይጠፋም። "ይሄን አልነካውም" የሚል ሰው ሲያገኙ ይደሰቱ። የኮፈኑን ጠርዝ፣ የበሩን ማዕዘን፣ ጥቁሩን ፕላስቲክ በወረቀት ፕላስተር ሸፍኖ ካዩም እንዲሁ፤ ማሽን ቀለምን ቶሎ የሚያቃጥለው ጠርዝ ላይ ነው።

ይህን ያህል ማስረዘሜ ያለ ምክንያት አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከለከለ። ዛሬ በምዕራብ ጎጃም መንገድ ላይ ያለው ቪትዝ፣ ኮሮላና ሚኒባስ ገና ብዙ ዓመት ያገለግላል። ያለው ቀለም የፋብሪካው ቀለም ነው፤ ጋራዥ የሚቀባው አብዛኛውን ጊዜ ያን ያህል አይጸናም።

በመጨረሻ ስለሚቀባው አዲስ ሰም አንድ ነገር ልበል፤ የማር አገር ሰዎች ስለሆንን ይጠየቃል። ከሰከላም ሆነ ከሌላ ቦታ የመጣ ንጹሕ የንብ ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይቀልጣል። በቀትር ፀሐይ ላይ የቆመ ጥቁር ኮፈን እስከዚያ ሊደርስ ይችላል፤ ሰሙ ይለሰልስና አቧራውን ይይዛል። ፋብሪካዎች ከ82 ዲግሪ በላይ የሚቀልጠውን የብራዚል ዘንባባ ሰም፣ ካርናውባን፣ የሚጨምሩት ለዚህ ነው።

ዋጋ ሲነጋገሩ የዝግጅቱን ለብቻው ይጠይቁ። ማጠብ፣ ሬንጅ ማንሳት፣ ማራቆት፣ መሸፈን ከፖሊሹ ራሱ የበለጠ ጊዜ ቢወስድ አይግረምዎ፤ ለዚያ ጊዜ የሚገባውን ይክፈሉ። ማሽኑ ከመነሳቱ በፊትም እንዲደውልልዎ ይስማሙ። ሥራው ሲያልቅ መዳፍ የምታህል ቦታ መርጠው አዲሱ ሰም ከመቀባቱ በፊት በአልኮል ያስጠርጉ፤ ጭረቱ ተመልሶ ካልመጣ ተነስቷል፣ ከመጣ በዘይት ተሸፍኖ ነበር።