ኮምፓይለሩ የማያውቃት መሣሪያ

ለጌም ቦይ አድቫንስ ጨዋታ መሥራት የሚፈልግ ሰው ከጨዋታው በፊት የሚጠብቀው ሌላ ሥራ አለ፤ ነፃውን የሲ ኮምፓይለር ጭኖ ማሰናዳት። ብዙ ጀማሪዎች ይህን በቶሎ ተገላግለው ወደ «ዋናው ሥራ» መግባት ይፈልጋሉ። እኔ ግን ዋናው ሥራ የሚጀምረው እዚሁ ነው ባይ ነኝ። ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1987 ይፋ ያደረገው ይህ ኮምፓይለር፣ ጂሲሲ፣ ኒንቴንዶ በ2001 ስላወጣት ስለዚህች የእጅ መሣሪያ የሚያውቀው ነገር ቢኖር የፕሮሰሰሯን ቋንቋ ብቻ ነው። ኤአርኤም7ቲዲኤምአይ የሚገባው ትእዛዝ ማውጣት ይችላል። ሜሞሪዋ የት የት እንደተቀመጠ፣ ስክሪኗ ከየት እንደሚነበብ ግን አያውቅም። ኮምፓይለር ማሰናዳት ማለት የጎደለውን ይህን እውቀት መስጠት ነው፤ ለመስጠት ደግሞ አስቀድሞ ማወቅ ግድ ይላል።

በኮምፒውተር ላይ ለፕሮግራም ቦታ የሚያከፋፍለው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ነው። እዚህ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የለም። ካርትሪጁ የሚነበበው ከሄክሳዴሲማል አድራሻ 08000000 ጀምሮ ነው፤ በ03000000 ጠባቡ ግን ፈጣኑ 32 ኪሎባይት፣ በ02000000 ሰፊው ግን ዘገምተኛው 256 ኪሎባይት ሜሞሪ አለ። ምን የት እንደሚያርፍ የሚደለድለው የሊንከር ስክሪፕቱ ነው። ዋናው ፋንክሽን ከመጠራቱ በፊትም ስታኩን የሚያዘጋጅና መነሻ ዋጋ ያላቸውን ተለዋዋጮች ከካርትሪጁ ወደ ሜሞሪ የሚገለብጥ አጭር የማስነሻ ኮድ ያስፈልጋል። ድልድሉ ፍጥነትንም ይወስናል። የካርትሪጁ መስመር በአንድ ጊዜ የሚያሳልፈው 16 ቢት በመሆኑ አብዛኛው ኮድ በ16 ቢቱ የተምብ ትእዛዝ ቢጠናቀር ይሻላል፤ ፍጥነት የሚጠይቀው ጥቂት ክፍል ደግሞ በ32 ቢት ትእዛዝ ተጠናቅሮ በፈጣኑ ሜሞሪ ውስጥ ሲቀመጥ ይፈጥናል።

«ዴቭኪትፕሮ የተባለው የመሥሪያ ስብስብ ይህን ሁሉ አዘጋጅቶ ይሰጠኝ የለም ወይ? ምን አደከመኝ?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ የተዘጋጀውን መጠቀምም ተገቢ ነው። ነገር ግን የተዘጋጀው ስብስብ የማሰብን ድካም አይወስድም። አንድ ምሳሌ ልውሰድ። ስክሪኑ አሁን ስንተኛውን መስመር እየሳለ እንደሆነ የሚናገር ቆጣሪ በ04000006 ይገኛል። ቆጣሪው 160 እስኪደርስ የሚጠብቅ ሉፕ ስንጽፍ አድራሻውን «ቮላታይል» ብለን ካላወጅን፣ ማሻሻያው የበራለት ኮምፓይለር ዋጋውን አንድ ጊዜ ብቻ አንብቦ ሉፑን ማለቂያ የሌለው ሊያደርገው ይችላል። ጥፋቱ የኮምፓይለሩ አይደለም፤ በፕሮግራሙ ውስጥ ማንም የማይነካው ቁጥር በራሱ እንደሚለወጥ የነገረው የለም። የካርትሪጁ መግቢያም እንዲሁ ነው። የኒንቴንዶ አርማና የማረጋገጫ ቁጥሩ በትክክል ካልሰፈሩ፣ ፍተሻውን ዘልሎ በሚነሳ ኤሙሌተር ላይ የሠራ ጨዋታ እውነተኛዋ መሣሪያ ላይ አይነሳም። ያልተረዱትን ነገር ሲበላሽ መጠገን አይቻልም።

«ከገበያ ለወጣች መሣሪያ ይህን ያህል መልፋት ምን ይጠቅማል?» የሚለው ጥያቄ ይበልጥ ይከብዳል። መልሴ ትምህርቱ ከመሣሪያዋ ጋር አያረጅም የሚል ነው። ዛሬም በየፋብሪካውና በየቤት ዕቃው ውስጥ ለሚሠሩ ትንንሽ የኤአርኤም ቺፖች ኮድ የሚጽፍ ሰው የሊንከር ስክሪፕት፣ የማስነሻ ኮድና ቮላታይል ያጋጥሙታል። ልዩነቱ እዚህ ስህተቱ በ240 በ160 ነጥብ ስክሪን ላይ ወዲያው በዓይን መታየቱ ነው።

በአማርኛ «ነፃ» ስንል ያለ ዋጋ የተሰጠውንም፣ ከእስር የተፈታውንም ማለታችን ነው። ይህ ኮምፓይለር ሁለቱንም ነው። ገንዘብ አለመጠየቁ በሩን ይከፍታል፤ የላቀው ስጦታው ግን የሊንከር ስክሪፕቱም፣ የማስነሻ ኮዱም፣ የራሱ የኮምፓይለሩ ምንጭም ተከፍተው የሚነበቡ መሆናቸው ነው። ሳያነብ የሚያልፍ ሰው ከሁለቱ ነፃነቶች የሚያገኘው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።