እጅ ያረፈበት ናስ

ያገለገለ ቱባ ሊገዛ የሄደ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ሰፊው አፍ ላይ ነው። ያብረቀርቃል፣ ግርማ አለው፣ ሻጩም ቀድሞ የሚያሳየው እሱን ነው። ዕድሜውን ከመሣሪያው ጋር የኖረ ነፊ ግን ወንበር ስቦ ይቀመጣል፤ ቱባውን ጭኑ ላይ ያጋድምና ጀርባውን፣ ታችኛውን ጥምዝ፣ የቫልቮቹን ክዳን እየገለበጠ ይመለከታል። የሠራው ሰው ምን ያህል እንደተጠነቀቀ፣ የነፉት ሰዎች እንዴት እንደያዙት፣ የጠገነውም ባለሙያ ሥራውን ያውቅ እንደሆነና እንዳልሆነ የሚታወቀው እዚያ ነው። በደንብ የተሠራ መሣሪያ ታሪኩን አይደብቅም፤ ማየት ለሚያውቅ ሁሉ ይናገራል።

ቱባ ከናስ መሣሪያዎች ሁሉ ዝቅተኛውን ድምፅ የሚሰጥ ነው። በቢ ፍላት የተቃኘው ትልቁ ቱባ፣ ጥምዝምዙ ተፈትቶ ቢዘረጋ፣ ቱቦው 5 ሜትር ተኩል ገደማ ይሆናል። መሠረታዊ ድምፁ በሰከንድ 29 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል፤ ጆሮ ከመስማቱ በፊት ደረትና ወለል የሚያውቁት ድምፅ ነው። ቱቦው ከቫልቮቹ አካባቢ በቀር ከመነሻው እስከ መጨረሻው እየሰፋ ይሄዳል፤ አፉ ላይ ሲደርስ ከ40 ሳንቲሜትር በላይ ይሆናል። የቱባ ድምፅ እንደ ትራምፔት ስለት ሳይኖረው ክብና ሙሉ የሚሆነው በዚህ አሰፋፍ ነው። የሠሪው ትልቁ ፈተናም ቱቦውን ደጋግሞ እያጠፈ ይህን አሰፋፍ ሳያበላሽ እስከ ጫፍ ማድረስ ነው።

ይህን የምጽፈው ጀርመን፣ ባቫሪያ ውስጥ ከአንድ ጡረታ የወጣ የመንደር ባንድ ነፊ የገዛሁትን ሚራፎን 186 ፊቴ አድርጌ ነው። ሚራፎን 186 ባለ አራት ሮታሪ ቫልቭ ቱባ ነው፤ በአውሮፓም በአሜሪካም ባንዶችና ትምህርት ቤቶች ውስጥ በብዛት ስለተሠራጨ ያገለገለ ቱባ የሚፈልግ ሰው ቶሎ ያገኘዋል። የሠሪዎቹ ታሪክ የስደት ታሪክ ነው። አባቶቻቸው በቦሔሚያ፣ ግራስሊትስ በምትባል ዛሬ ክራስሊትሴ በምትሰኝ ከተማ፣ የሙዚቃ መሣሪያ ሲሠሩ የኖሩ ናቸው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጀርመንኛ ተናጋሪዎች ከቼኮስሎቫኪያ ሲባረሩ ከፊሎቹ ባቫሪያ ገቡ፤ ቀድሞ የባሩድ ፋብሪካ በነበረበት ጫካ፣ ዛሬ ቫልድክራይቡርግ በተባለው ቦታ፣ በ1946 የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ። ቤታቸውንና አገራቸውን አጥተዋል፤ ሙያው ግን አብሯቸው መጥቷል።

ያ ሙያ በመጀመሪያ የሚታየው በአፉ አሠራር ነው። ናስ መዳብና ዚንክ ተቀላቅለው የሚገኝ ብረት ነው። በባህላዊው አሠራር ላሜራው በልኩ ይቆረጥና ይጠቀለላል፤ ሁለቱ ጠርዞች እንደ ጥርስ ተሳክተው ይበየዳሉ። ከዚያ በብረት ቅርጽ ላይ እየተመታ፣ እየተሽከረከረ ይዘረጋል። ናስ ሲመታ ስለሚጠነክር በየመካከሉ በእሳት ማለስለስ ያስፈልጋል፤ ይህ ካልተደረገ ይሰነጠቃል። አፉን ወደ ብርሃን አዙሮ ውስጡን ለተመለከተ፣ ብየዳው የሄደበት ቀጭን መስመር ይታያል፤ በጣት ሲዳሰስ ግን የለም። ዓይን እያየው ጣት የማያገኘው ብየዳ ጥሩ ሠራተኛ የሠራው ነው። ጥምዞቹም እንዲሁ ናቸው። ቱቦ እንዳይጨማደድ በሬንጅ ተሞልቶ ይታጠፋል፤ ሬንጁ ቀልጦ ከወጣ በኋላ የጥምዙ ውስጠኛ ጎን ሞገድ ከሌለበትና ልሙጥ ከሆነ፣ ያጠፈው ሰው ጊዜ ሰጥቶታል ማለት ነው።

ሁለተኛው የሙያ መለኪያ ቫልቭ ነው። ቱባን በፓተንት ያስመዘገቡት የፕሩሲያ የጦር ሙዚቃ መሪ ቪልሄልም ቪፕሬሽትና መሣሪያ ሠሪው ዮሐን ጎትፍሪድ ሞሪትስ ናቸው፤ ቦታው በርሊን፣ ቀኑም መስከረም 12 ቀን 1835 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነበር። በዚያው ዓመት ቪየና ውስጥ ዮሴፍ ሪድል የሮታሪ ቫልቭን ፓተንት ወሰደ። የመጀመሪያው ቱባ በፒስተን የሚሠራ ነበር፤ እንደ 186 ያሉት ደግሞ የበርሊኑን ሐሳብ ከቪየናው ጋር አጣምረዋል። የሮታሪ ቫልቭ ልብ በቤቱ ውስጥ የሚዞር ናስ ነው፤ ማንሻው ሲጫን ሩብ ዙር ይዞርና አየሩን ወደ ተጨማሪ ቱቦ ይመራዋል። አራተኛው ቫልቭ ብቻውን 1.8 ሜትር ገደማ ቱቦ ይጨምራል። በልቡና በቤቱ መካከል ያለው ክፍተት በሚሊሜትር መቶኛ የሚለካ ነው። ከዚያ ከሰፋ አየር ያመልጣል፣ ከጠበበ ይነክሳል።

ይህን መግጠም ለመፈተን መሣሪያ አያስፈልግም። የአንዱን ቫልቭ ስላይድ፣ ማለትም ተንሸራታች ቱቦ፣ ማንሻውን ሳይነኩ፣ ቀስ አድርጎ መሳብ ነው። ጥቂት ጠብቆ ማንሻው ሲጫን ቱባው “ፖክ” የሚል ጥርት ያለ ድምፅ ካሰማ፣ ስላይዱም ቫልቩም አየር አላስገቡም ማለት ነው። ምንም ድምፅ ካልተሰማ ከሁለቱ አንዱ ተበልቷል። ከዚያ የቫልቩ የኋላ ክዳን ይፈታል። እዚያ፣ በልቡ ዘንግ ጫፍና በዙሪያው ባለው ሳህን ላይ፣ ትንንሽ ጭረቶች አሉ፤ ማንሻው ሲጫንም ሲለቀቅም ጭረቶቹ ፊት ለፊት መግጠም አለባቸው። ካልገጠሙ የቡሹ ወይም የጎማው መደገፊያ ስላረጀ ነው፤ ይህ በትንሽ ገንዘብ ይስተካከላል። ማንሻው ሲነካ የሚንኳኳ ድምፅም ከመገጣጠሚያው ከሆነ ቀላል ነው። ልቡ ራሱ በቤቱ ውስጥ ወደላይና ወደታች የሚንገጫገጭ ከሆነ ግን ወጪው ከባድ ስለሚሆን ዋጋው ላይ መነጋገር ይገባል።

የናሱም ጤና መታየት አለበት። ነፊው ከንፈሩን ከሚያሳርፍበት ማውዝፒስ ቀጥሎ ያለው የመጀመሪያው ቱቦ የነፊውን ትንፋሽና ምራቅ ከሁሉም በላይ የሚቀበል ነው። በዓመታት ብዛት ዚንኩ ከናሱ እየለቀቀ ይወጣና መዳቡ ብቻውን ይቀራል፤ ቢጫው ላይ ሐምራዊ-ቀይ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል። እሱ ከታየ ቱቦው ከውስጥ መበላት ጀምሯል፤ መለወጥ ይቻላል፣ ግን ሒሳብ ውስጥ መግባት አለበት። ስርጉድ ሁሉ እኩል አይደለም። ታችኛው ሰፊ ጥምዝ ላይ ያለ ስርጉድ ለዓይን ካልሆነ ለድምፅ ያን ያህል አያሳስብም፤ በጠባቡ መነሻ ላይ ያለ ትንሽ ስርጉድ ግን ድምፅ ያውካል። በናሱ ላይ የተቀረጸው የሠሪው አርማ ጠርዙ ደብዝዞ ከሆነ መሣሪያው ከልክ በላይ ተወልውሏል፣ ናሱም ሳስቷል ማለት ነው። በአንጻሩ፣ የእኔው ቱባ አራተኛ ማንሻ ላይ ትንሿ ጣት የምታርፍበት ቦታ ብቻ ቫርኒሹ ለቆ ናሱ ወጥቷል። እንዲህ ያለ መልበስ የጉድለት ምልክት አይደለም፤ መሣሪያው በትክክለኛ እጅ ተይዞ፣ ዘወትር ተነፍቶ የኖረ መሆኑን ይመሰክራል።

አሁን ወደ ትንሿ ዕቃ እንምጣ። ማውዝፒስ ቁመቷ 10 ሳንቲሜትር ገደማ ነው፤ ያን ሁሉ ናስ የምታናግረው ግን እሷ ናት። ገዢ ሁሉ ቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ጽዋዋ፣ ከንፈር ስለሚያርፍበት ጎድጓዳ፣ ስፋት ነው። ቅድሚያ የሚገባው ሻንኩ ነው፦ ወደ መሣሪያው የሚገባው፣ ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄደው ጭራ። አቀጣጠኑ በየ20 ሚሊሜትሩ 1 ሚሊሜትር ገደማ ነው። መቀበያውም ከውስጥ በዚያው ልክ ስለተበጀ ሁለቱ ያለ ብሎን፣ ያለ ማጣበቂያ፣ በመግጠማቸው ብቻ ይያያዛሉ። ችግሩ መጠኑ አንድ አለመሆኑ ነው። የአሜሪካ የሚባለው ሻንክ ጫፉ ላይ 13.2 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን የአውሮፓ የሚባለው ወደ 14 ሚሊሜትር ይጠጋል። ልዩነቱ 0.7 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ በዓይን አይያዝም። በዚያ አቀጣጠን ግን 0.7 ሚሊሜትር የውፍረት ልዩነት 14 ሚሊሜትር የጥልቀት ልዩነት ይሆናል። ሻንክ መግባት ያለበት 25 ሚሊሜትር ገደማ ነውና፣ አውሮፓዊው ሻንክ በአሜሪካዊ መቀበያ ግማሽ መንገድ ሳይሞላ ይቆማል። አሜሪካዊው በአውሮፓዊ መቀበያ ከልክ በላይ ይሰምጣል፤ ጫፉ ከውስጠኛው ቱቦ ጋር ከተጋጨ ደግሞ ይወዛወዛል። ያኔ ኖታዎች ማረፊያቸውን ያጣሉ፣ ዝቅተኛዎቹ ዘግይተው ይነሣሉ፣ ነፊውም ጥፋቱን በከንፈሩ ያመካኛል።

አፈታተኑ ትዕግሥት እንጂ ጉልበት አይፈልግም። ሻንኩን በቀስታ አስገብቶ ትንሽ ማዞር፤ መቀበያው ጫፍ ላይ በእርሳስ ምልክት ማድረግ፤ አውጥቶ የገባውን መለካት፤ መልሶ አስገብቶ ወደ ጎን መነቅነቅ። ፍጹም ካልተነቃነቀና የገባውም ልኩን ከያዘ ገጥሟል። ሻንኩ ቀጥኖ ከሰመጠ፣ ነፊዎች አንድ ቀላል ዘዴ አላቸው፦ ቀጭን ወረቀት ጠቅልሎ ወጣ ማድረግና ነፍቶ መስማት። ድምፁ ከተሻለ ገንዘቡ የሚወጣበት አቅጣጫ ታወቀ። ወፍራም ሻንክ ደግሞ ሙያውን በሚያውቅ ሰው እጅ ቶርኖ ላይ መቀነስ ይቻላል። ያገለገለች ማውዝፒስ ስትገዛ በጭራዋ በኩል ወደ ብርሃን አዙሮ ማየት ይገባል፤ የሚታየው ክብ ፍጹም ክብ መሆን አለበት። ወድቃ ጫፏ የተጨፈለቀ ማውዝፒስ በየትኛውም መቀበያ አትገጥምም፤ በብረት ቅርጽ እስክትቃና ድረስ። ጠርዟ ላይ ብሩ ተገፎ ናሱ ከወጣም እንደገና በብር ማስለበጥ ለከንፈር ጤና ይበጃል።

ከዚህ በኋላ ነው የጽዋው ነገር የሚመጣው። ጽዋ ሁለት ዓይነት መንፈስ አለው። እንደ ሳህን ክብ ታች ያለው ድምፁን ያተኩራል፣ አነሣሡም ጥርት ያለ ነው። እንደ ማንቆርቆሪያ ወደ ጉሮሮው እየጠበበ የሚወርደው ደግሞ ጥቁርና ሰፊ ድምፅ ይሰጣል። የሁለተኛው ዓይነት አባት በአሜሪካዊው የባንድ መሪ በሱዛ ባንድ ውስጥ ይነፋ በነበረው በአውጉስት ሄልበርግ ስም ይጠራል፤ ኮን የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ ሄልበርግ የተባለውን ማውዝፒስ እስከ ዘመናችን ሲሠራ ቆይቷል። በቁጥር ግን መመራት አይገባም። ለምሳሌ ባክ ከተባለው አምራች ማውዝፒሶች የ18 ጽዋ ከ24 ኤደብልዩ ይሰፋል፤ ቁጥሩ ሲጨምር ስፋቱ ይቀንሳልና። የጀማሪን ከንፈር የጠበበው ይረዳዋል፤ ከንፈሩ ከጠነከረ በኋላ ሰፊው ዝቅተኛ ድምፆችን ይከፍትለታል። በእኔው መሣሪያ ላይ የገጠመችው ጥልቅ ጽዋ ያላት፣ አውሮፓዊ ሻንክ የለበሰች ናት፤ በልኳ ስትቀመጥ ቀድሞ ይደበዝዝ የነበረው ዝቅተኛው ፋ ወለሉን ሞልቶ ተነሣ።

ያገለገለ ቱባ ምን ያህል ሊደርስ እንደሚችል የሺካጎው ዮርክ ምስክር ነው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ በሚሺጋን ግራንድ ራፒድስ ያለው የዮርክ ፋብሪካ፣ በሊዮፖልድ ስቶኮቭስኪ በሚመራው የፊላደልፊያ ኦርኬስትራ ለሚነፋው ለፊሊፕ ዶናቴሊ ትልቅ የሲ ቱባ ሠራ። ለሰውየው አካል አልተመቸም ይባላል። በፊላደልፊያው ከርቲስ ተቋም ተማሪ የነበረው አርኖልድ ጄኮብስ በ175 ዶላር ገዛው። ጄኮብስ ከ1944 እስከ 1988 በሺካጎ ሲምፎኒ ሲነፋ ያ ቱባ የኦርኬስትራው ድምፅ አካል ሆነ፤ በኋላም የኦርኬስትራው ንብረት ሆኖ ቀጠለ። የስዊዙ ሂርስብሩነርና የጃፓኑ ያማሃ ልኩን ወስደው በአምሳሉ አዲስ ቱባ ሠሩ። ለመጀመሪያው ባለቤቱ ያልገጠመ መሣሪያ ለሁለተኛው ገጥሞ የዓለም ሠሪዎች መለኪያ ሆነ።

በእኛም አገር ይህ ድምፅ እንግዳ አይደለም። ራስ ተፈሪ በ1924 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች፣ በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የንጉሣዊው መንግሥት የናስ ባንድ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ የክብር ዘበኛ፣ የምድር ጦርና የፖሊስ ማርሽ ባንዶች በየአደባባዩ አልፈዋል፤ ከበሮው እግርን ሲመራ፣ ከሥሩ ሁሉን የሚሸከመው የቱባው ባስ ነበር።

ስለዚህ የባንድ ኃላፊዎችን፣ የትምህርት ቤት ሙዚቃ መምህራንንና የንብረት ክፍል ሠራተኞችን አንድ ነገር እለምናለሁ። በመጋዘን ያለ ቱባ “አገልግሎት የማይሰጥ” ተብሎ ከመዝገብ ከመሰረዙ በፊት ስላይዱ ተስቦ “ፖክ” ማለቱ ይሰማ፣ የቫልቩ ጭረቶች ይታዩ፣ የመጀመሪያው ቱቦ በብርሃን ይመርመር። በመሳቢያ ውስጥ የተደባለቁት ማውዝፒሶችም በሻንካቸው ይለዩ፣ አሜሪካዊውና አውሮፓዊው ለየብቻ ይቀመጥ። ከተለያየ አገር የመጡ መሣሪያዎች በአንድ ባንድ ውስጥ ሲገኙ ማውዝፒሶቻቸው መለዋወጣቸው የተለመደ ነው፤ እንዲህ የተለዋወጠ ቱባ መጥፎ ድምፅ ሲሰጥ ጥፋቱ የቱባው አይደለም። በጥሩ እጅ የተሠራ ናስ ሦስትና አራት የነፊ ትውልድ ያገለግላል። መቀበያው ሳይለካ ማንም እንዳይጥለው።