«የአየር እገዳ» ወይስ የአየር ሞላ? ስለ ከባድ መኪና የጥገና ቃላት አተረጓጐም

ሙያዊ ቃል የሚመዘነው በድምፁ ማማር ሳይሆን ተጠቃሚውን ወደ ትክክለኛው ነገር በማድረሱ ነው። በዚህ መመዘኛ፣ የአየር ሞላ ያለው ተሳቢ ጐታች መኪና ለምን እንደሚያንገጫግጭና እንዴት እንደሚስተካከል የሚያስረዳ፣ ከእንግሊዝኛ የተመለሰ አንድ የጥገና መምሪያ መርምረናል።

ተርጓሚው «ሱስፔንሽን»ን «እገዳ» ብሎታል። የእንግሊዝኛው ቃል ከሥራ መታገድንም፣ የመኪናን አካል ከአክስሉ ጋር አያይዞ የመንገዱን ግጭት የሚቀበለውን ክፍልም ያመለክታል። «የአየር እገዳ» የሚለውን ያነበበ ሰው ግን ስለ በረራ ክልከላ የሚነገረው ይመስለዋል። «ራፍ ራይድ»ም «ሸካራ ግልቢያ» ሆኗል፤ ሾፌሩ «መኪናው ያንገጫግጫል» እያለ ፈረስ መጫን ባላስፈለገ ነበር።

ይህስ በፈገግታ ይታለፋል። ከባዱ ጥፋት ሁለት ክፍሎችን በአንድ ስም መጥራቱ ነው። ጭነቱን የሚሸከመውን፣ በአየር የተነፋውን የላስቲክ ሞላም፣ መወዛወዙን የሚያበርደውን ሾክ አብዞርበርም «ንዝረት መቀነሻ» ይላቸዋል። የአየር ሞላ ጭነት ይሸከማል እንጂ መወዛወዝን በራሱ እምብዛም አያበርድም፤ ስለዚህ ሾክ አብዞርበሩ ያለቀበት መኪና ሞላው ደኅና ሆኖም ይነጥራል። «ንዝረት መቀነሻውን ለውጥ» የተባለ መካኒክ ጤነኛውን ሞላ አውጥቶ ያለቀውን ሾክ አብዞርበር ሊተው ይችላል። ሞላውን በሌላ ገጽ «የአየር ከረጢት» ማለቱም በመሪው ውስጥ ተቀምጦ በግጭት ጊዜ ከሚነፋው ጋር ያምታታል።

ሦስተኛው «የደረጃ ቫልቭ» የተባለው ነው። ሥራው እንደ ጭነቱ መጠን አየር እያስገባና እያስወጣ የመኪናውን ከፍታ መጠበቅ ነው። ከፍታው ከተወሰነው ሲያንስ አካሉ ከላስቲክ ማቆሚያው ጋር ይጋጫል፤ ሲበልጥ ሾክ አብዞርበሩ እስከ መጨረሻው ይለጠጣል፤ በሁለቱም መኪናው ያንገጫግጫል። ስለዚህ ጥገናው የሚጀምረው የአየሩ ግፊት ከሞላ በኋላ ከፍታውን በመለካት ነው፤ የአየር መፍሰስ በሳሙና ውሃ ይፈተሻል፤ ሾክ አብዞርበሩና የላስቲክ ቡሾቹም ይታያሉ። ስሙ «ከፍታ ጠባቂ ቫልቭ» ቢሆን የፍተሻውን መነሻ ራሱ ይጠቁም ነበር።

እንግዲህ «የአየር ሞላ»፣ «ሾክ አብዞርበር»ና «ከፍታ ጠባቂ ቫልቭ» እንዲባሉ፣ ለጠቅላላው ክፍልም «ሱስፔንሽን» እንዳለ እንዲቀመጥ ሐሳብ እናቀርባለን። «ሞላ»ም ሆነ «ባሌስትራ» ከጣሊያንኛ መምጣታቸው አያስነቅፋቸውም፤ በየጋራዡ አገልግለው አማርኛ ሆነዋል። «ሞላ» ከግሱ ጋር በጽሕፈት መመሳሰሉ እውነት ነው፤ ዐውዱ ግን ይለየዋል። ተርጓሚዎችም ረቂቃቸውን ከማሳተማቸው በፊት ለአንድ መካኒክ እንዲያነቡለት፣ እርሱም ስሙን ሲሰማ የትኛውን ዕቃ እንደሚያነሣ እንዲመለከቱ አደራ እንላለን።