«ችግር የለም»

«ከሥራ ሰዓት ውጭ አምሽተሽ መሥራት ትችያለሽ?» ብለው ጠየቋት። «ችግር የለም» አለች። ተቀጠረች።

ልጅቱ የፍኖተ ሰላም ልጅ ናት፤ የገባችው አንድ የግል ድርጅት ሂሳብ ክፍል ነው። በሦስተኛው ወር ከምሽቱ 3 ሰዓት በፊት መውጣት ብርቅ ሆነባት። ባጃጅ የለም፣ አከራይዋ ግቢውን ዘግታ ተኝታለች። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ ግጭቱ ከበረታ ወዲህ ደግሞ ማታ ቤት መድረስ ራሱ አንድ ሥራ ነው። የትርፍ ሰዓት ክፍያ ስትጠይቅ የተመለሰላት ምን መሰላችሁ? «ስትቀጠሪ ችግር የለም ብለሽ አልነበር?»

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼን «ያልተጻፈውንም አንብቡ» እያልኩ አስቸግራቸው ነበር። እስቲ ይህን ጥያቄ እናንብበው። ስንት ሰዓት? በሳምንት ስንት ቀን? በምን ክፍያ? አንዱም የለበትም። መልሱም እንደዚያው ባዶ ነው። ባዶው ግን ኋላ የሚሞላው በአሠሪው እጅ ነው።

መጠየቁን አልቃወምም። በ2013 ዓ.ም. ቡሬ ላይ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርኩም የዘይት ፋብሪካውም ተመርቀዋል። ማሽን ፀሐይ ጠለቀች ብሎ አይቆምም፤ በፈረቃ የሚሠራ ሰው ይፈልጋል። ነገር ግን ፈረቃ ሌላ፣ ትርፍ ሰዓት ሌላ። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሥራ ከቀን 8፣ ከሳምንት 48 ሰዓት አያሳልፈውም። ትርፍ ሰዓት ደግሞ አስቸኳይ ሥራን ለመሰለ ምክንያት የተፈቀደ ነው፤ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። ክፍያው እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከዚያ እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5 እጥፍ ነው።

ይህን ነገር የጎጃም ገበሬ ያለ አዋጅ ያውቀዋል። ወንፈል ሲገባ ለየትኛው ሥራ፣ ለስንት ቀን እንደሆነ ተነጋግሮ ነው። ዛሬ በጎረቤቱ ማሳ ያዋለው ቀን ነገ በራሱ ማሳ ይመለስለታል። ደቦ የሚጠራም ምግቡንና ጠላውን ሳያሰናዳ ሰው አያስቸግርም። ቀን ቆጥሮ የሚሰጥ አባት ልጁን አስተምሮ ሲያበቃ፣ ልጁ ሰዓቱን ሳይቆጥር ያስረክባል!

«ለሁሉም እሺ በሉ፣ ከገባችሁ በኋላ ይስተካከላል» የሚሉ መካሪዎችም አልጠፉም። ይህ ምክር ሁለቱንም ወገን ይጎዳል። እሺ ብሎ የገባው በወሩ መቅረት ይጀምራል፤ አሠሪውም «የዛሬ ልጆች ሥራ አይወዱም» ይላል።

«አልችልም በሉ» ብዬስ እመክራለሁ? ሥራ ፍለጋ ጫማው ላለቀ ልጅ እንዲህ ብሎ መምከር ግፍ ነው። ይልቅ እንዲህ ይባል፦ «ሥራው ሲጠይቅ አመሻለሁ። በሳምንት እስከ ስንት ሰዓት ይሆናል? ቀድሞ ይነገረናል? ማታ መመለሻ ሰርቪስ አለ?» የማይመች ቀን ካለም ያኔውኑ ይነገር። በዚህ የሚቆጣ አሠሪ ካለ፣ ቁጣው ራሱ መልስ ነው። በደንብ ለመለሰ አሠሪ ደግሞ «ችግር የለም» ማለት ያኔ ያምራል።