መዝገበ ቃላቱ ያልፈታው ቃል

የእህቴ ልጅ አሥረኛ ክፍል ናት። አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ አንድ ወረቀት ይዛ መጣችና «ጋሼ፣ እስቲ ጠይቀኝ» አለችኝ። ወረቀቱ ላይ ሃያ የእንግሊዝኛ ቃላት ተደርድረዋል፤ በግራ እንግሊዝኛው፣ በቀኝ አማርኛው። ስለ ባርነትና ባርነትን ለማስቀረት ስለተደረገው ትግል ለመማር የሚያስፈልጉ ቃላት ናቸው ተብሏል። ፈተናው ማክሰኞ ነው። መነጽሬን አደረግሁና ጀመርኩ። ስሌቭ? ባሪያ። ማስተር? ጌታ። ፕላንቴሽን? ሰፊ እርሻ። ኦክሽን? ጨረታ። አቦሊሽን? ማስወገድ። ልጅቱ እንደ ዳዊት ነው የምትደግመው፤ አንድም አልሳተች።

አሥራ አምስተኛው ላይ ስንደርስ የተደናቀፍኩት እኔ ነኝ። አንደርግራውንድ ሬይልሮድ፦ የምድር ውስጥ ባቡር።

«ይሄ ባቡር ከየት ወዴት ነበር የሚሄደው?» አልኳት።

«ከደቡብ ወደ ሰሜን ይመስለኛል።»

«በምንድነው የሚሠራው? በከሰል ነው በኤሌክትሪክ?»

«ጋሼ ደግሞ! እሱ እኮ ፈተና ላይ አይመጣም።»

እውነቷን ነው፤ አይመጣም። ነገር ግን ባቡር የሚባል አልነበረም፤ ምድር ውስጥም አልነበረም። ከአሜሪካ ደቡብ ክፍለ ግዛቶች በሌሊት እያመለጡ ወደ ሰሜንና ወደ ካናዳ የሚሄዱ ሰዎችን የሚደብቁ፣ የሚያበሉ፣ መንገድ የሚያሳዩ ሰዎች ሰንሰለት ነበር። በዘመኑ ባቡር አዲስ ነገር ስለነበረ ቋንቋውን ተዋሱት። መንገድ መሪው ኮንዳክተር፣ መደበቂያው ቤት ስቴሽን፣ አምላጩ ተሳፋሪ ተባለ። ሐሪየት ተብማን እ.ኤ.አ. በ1849 ራሷ ከሜሪላንድ ካመለጠች በኋላ ዐሥራ ሦስት ጊዜ ያህል ተመልሳ ወደ 70 የሚጠጉ ሰዎችን ያወጣችው በእግር ነው፤ በጫካና በረግረግ። ወረቀቱን ያዘጋጀው ሰው የእኛ የታላላቆቻችን ትውልድ ቢሆን ኖሮ «ኅቡዕ» የምትለዋ ቃል ሳትፈለግ አፉ ላይ ትመጣለት ነበር። ያ ትውልድ የኮድ ስም ምን እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቃል። ምን ይደረግ፣ «የምድር ውስጥ» ሆኖ ቀረ።

ብዙ ዓመት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ልብ ወለድና ግጥም ነበር የምገመግመው። ዛሬ አንዲት ገጽ የቃላት ዝርዝር ልገመግም ስነሳ የቀድሞ ባልደረቦቼ ይስቁብኝ ይሆናል። ይሳቁ። የቃላት ዝርዝርም ድርሰት ነው። ደራሲ አለው፤ የሚያየው ነገር አለ፤ የማያየውም አለ። ደግሞ ከማንኛውም ልብ ወለድ ይበልጥ በቃል የሚጠናው እሱ ነው።

በአቦሊሽን ልጀምር። ፍሬድሪክ ዳግላስ እ.ኤ.አ. በ1845 ያሳተመውን የሕይወት ታሪኩን ያነበበ ሰው አንድ ቦታ አይረሳውም። ዳግላስ ገና ልጅ ነው፤ ባልቲሞር ከተማ በባርነት ተይዞ ያድጋል። የቤቱ እመቤት ፊደል ታስጀምረዋለች፤ ባሏ ይከለክላል። ከዚያ ወዲህ ልጁ የሰፈር ነጭ ልጆችን ዳቦ እየሰጠ ንባቡን ከእነሱ ይቃርማል። በዚህ መሀል ትልልቆቹ ሲነጋገሩ አንድ ቃል ደጋግሞ ይሰማል፤ አቦሊሽን። አንድ ባሪያ አምልጦ ሲሄድ፣ ጌታውን ሲገድል ወይም ጎተራ ሲቃጠል፣ ሰዎቹ ያንኑ ቃል ያነሳሉ። ልጁ ቃሉ ምን እንደሆነ ባያውቅም ማን እንደሚፈራው ያውቃል። መዝገበ ቃላት ይገልጣል። መዝገበ ቃላቱ የሚነግረው የማስወገድ ተግባር መሆኑን ብቻ ነው። ምኑን? አይልም። ሰው እንዳይጠይቅ ደግሞ ነገሩ አደገኛ እንደሆነ ገብቶታል። በመጨረሻ አንድ ጋዜጣ እጁ ይገባል። ጋዜጣው በሰሜን ያሉ ሰዎች በዋና ከተማው በዋሽንግተን ባርነት እንዲቀር ለምክር ቤቱ አቤቱታ ማቅረባቸውን ይናገራል። ያን ጊዜ ቃሉ ተፈታለት።

እንግዲህ የእህቴን ልጅ ወረቀት ተመልከቱ። አቦሊሽን፦ ማስወገድ። ዳግላስን ያሳፈረው መዝገበ ቃላት ከሞላ ጎደል 190 ዓመት ቆይቶ፣ ውቅያኖስ ተሻግሮ፣ አማርኛ ለብሶ መጣ ማለት ነው! ምኑን ማስወገድ? ቆሻሻም እኮ ይወገዳል። ልጅቱን ግን ማንም አይገርፋትም፤ እንደ ልቧ መጠየቅ ትችላለች። አልጠየቀችም፤ ምክንያቱም መልሱ አጠገቡ ተጽፎላታል።

ይህን ስል ዝርዝሩ ሁሉ ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። ኦክሽንን ጨረታ ማለቱ ትክክል ነው፤ ለዛሬ ልጅ ጨረታ የመኪናና የባንክ መያዣ ቤት ጉዳይ ስለሆነ ይደነግጣል፤ መደንገጥ ደግሞ ጥሩ ነው። ችግሬ ከሌላ ጋር ነው። አሥራ ሰባተኛው ቃል ኮምፐንሴሽን ይላል፤ ካሳ።

«ካሳ የተከፈለው ለማን ነው?» አልኳት።

«ለባሪያዎቹ ነዋ!» አለች፤ ጥያቄው ራሱ አስገርሟት።

ይህች ልጅ ፍትሕ ምን እንደሚመስል ስለምታውቅ ነው የተሳሳተችው። የብሪታንያ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1833 በቅኝ ግዛቶቹ ባርነትን ያስቀረ ሕግ ሲያወጣ 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሳ መድቧል። ገንዘቡ የተከፈለው ለባለቤቶቹ ነው፤ «ንብረታቸውን» ስላጡ። ለዚሁ ሲባል መንግሥት የተበደረው ብድር በተከታታይ ወደ ሌላ ዕዳ እየዞረ ተከፍሎ ያለቀው በ2015 ነው። አዎ፣ ትናንትና ማለት ይቻላል። በባርነት የኖሩት ሰዎች ደግሞ ምን ተሰጣቸው? ሌላ ቃል ተሰጣቸው፤ አፕሬንቲስ። በእኛ ቋንቋ ሙያ ተለማማጅ። ሸንኮራ አገዳ ሲቆርጡ የኖሩ ሰዎች ከነሐሴ 1834 ጀምሮ፣ እዚያው እርሻ ላይ፣ ለዚያው ጌታ፣ ያንኑ አገዳ መቁረጥ «እንዲለማመዱ» ተደረገ። ከስድስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ብቻ ወዲያው ነፃ ሆኑ። ሕዝቡ አልቀበልም ሲል፣ በለንደንም ጩኸቱ ሲበረታ፣ ልምምዱ በ1838 ቀረ። ይህ ቃል ወረቀቱ ላይ የለም።

የሌላ ቃል ነገር ደግሞ አለ፤ እሱማ እኛ አገር ሕፃን ልጅ ሳይቀር ያውቀዋል። ኮንትሮባንድ። በቶጎ ውጫሌ በኩል የገባ ልባሽ ጨርቅ፣ ቀረጥ ያልተከፈለበት ስልክ። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በተጀመረ በሁለተኛው ወር፣ በግንቦት 1861 እ.ኤ.አ.፣ ሦስት ሰዎች በሌሊት በጀልባ ቀዝፈው ቨርጂኒያ ውስጥ በሰሜኑ ጦር እጅ ወዳለ ፎርት ሞንሮ የሚባል ምሽግ ገቡ። ስማቸው ተመዝግቧል፤ ፍራንክ ቤከር፣ ሼፐርድ ማሎሪ፣ ጄምስ ታውንሴንድ። ደቡቦቹ ለመድፍ የሚሆን ምሽግ ሲያሠሯቸው ነበር። በማግስቱ አንድ የደቡብ መኮንን ነጭ ባንዲራ ይዞ መጣና ያመለጠ ባሪያ ለጌታው ይመለስ የሚለውን ሕግ ጠቅሶ ሰዎቹን ጠየቀ። የምሽጉ አዛዥ ጄኔራል ቤንጃሚን በትለር በሙያው ጠበቃ ነበር። የሰጠው መልስ የጠበቃ መልስ ነው። ቨርጂኒያ ተገንጥያለሁ ካለች የአሜሪካ ሕግ አያገለግላትም፤ እነዚህ ሰዎች ንብረት ናቸው ካላችሁ ደግሞ ለጦርነት የምትጠቀሙበት የጠላት ንብረት ናቸውና በኮንትሮባንድነት ወርሻቸዋለሁ አለ።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ እቆማለሁ። በትለር ሰዎቹን ያዳነው ሰው ናቸው ብሎ ተከራክሮ አይደለም። «ዕቃ ናቸው» የሚለውን የጌቶቻቸውን ቃል ተቀብሎ፣ ቃሉን መልሶ እነሱው ላይ አዞረው። ብልጠት ነው፤ ሰው አድኗል። ወሬው እንደተሰማ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ሰሜኑ ጦር ጎረፉ፤ የሰፈሩበት ሁሉ የኮንትሮባንድ ካምፕ ተባለ። ልጅ ይዛ ሌሊቱን ስትጓዝ ያደረች እናት ጠዋት ምሽጉ በር ላይ ስሟ ኮንትሮባንድ ነው። ተማሪዎቼን «ይህ ቃል ጌታ ነው ወይስ ነፃ አውጪ?» ብዬ እጠይቃቸው ነበር። አንድ ዓመት የተስማማ ክፍል አላጋጠመኝም።

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ራሱ እ.ኤ.አ. በ1787 ሲጻፍ ስሌቭ የሚለውን ቃል አፉ ላይ አላደረገውም። «ሌሎች ሰዎች»፣ «ለአገልግሎት የተያዘ ሰው» እያለ ይዞራል። ስሌቨሪ፣ ማለትም ባርነት፣ የሚለው ቃል ከሕገ መንግሥቱ የገባው ባርነት በ1865 ሲሻር፣ በዐሥራ ሦስተኛው ማሻሻያ ነው። አንድ ነገር በወረቀት ላይ ስሙ የተጠራው በሞተበት ቀን መሆኑ የሚገርም ነው።

አሁን ደግሞ በእንግሊዝኛው ዓለም ሌላ ክርክር አለ። ስሌቭ አትበሉ፤ በባርነት የተያዘ ሰው በሉ። ማስተር አትበሉ፤ በባርነት የያዘ በሉ። ፉጂቲቭ፣ ማለትም ከሕግ የሸሸ፣ አትበሉ፤ ነፃነት ፈላጊ በሉ። የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ሳይቀር ይህን የመጨረሻውን ይጠቀምበታል። እኔ በበኩሌ መጀመሪያ ስሰማ ፈገግ ነበር ያልኩት። ዳግላስ ራሱን ያለ ምንም ማለባበስ ስሌቭ ነበርኩ ሲል እኛ ምን ቤት ነን ቃል የምናስተካክለው? አሁንም ከዳግላስ መጽሐፍ ውስጥ አንድ ቃል ይነሳ የሚል ሰው ቢመጣ እጣላዋለሁ። በእኛ አፍ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ለምሳሌ ወረቀቱ ፉጂቲቭን «ኮብላይ» ይለዋል። የሚኮበልለው ከቤቱ ነው፤ ጥፋት አለበት። ለመሆኑ የሜሪላንድ እርሻ የማን ቤት ነበር? የ1850ው የአሜሪካ ሕግ አምላጩን አጣርቶ ለጌታው ለሚመልስ ኮሚሽነር 10 ዶላር፣ ነፃ ነው ብሎ ለሚለቅ 5 ዶላር ይከፍል ነበር። ኮብላይ ስንል ሳናውቀው ለዐሥር ዶላሩ መፈረማችን ነው።

ወደ ገዛ ቃላችን ልመለስ፤ መጀመሪያም ያስነሳኝ እሱ ነው። ስሌቭ የሚለው የአውሮፓ ቃል ከስላቭ ሕዝብ ስም የመጣ ነው፤ በመካከለኛው ዘመን ብዙ የተሸጡት እነሱ ነበሩና። ባሪያ የሚለው የእኛ ቃልም ከሕዝብ ስም ጋር ተነካክቷል፤ ዛሬ ኤርትራ ውስጥ ናራ የሚባሉት ሕዝቦች ቀድሞ በዚሁ ስም ይጠሩ ነበር። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን የባርነት ጉዳይ ትልቅ ጥያቄ ነበር፤ በዚያው ዓመት አዋጅ ወጣ። በሕግ ጨርሶ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ከ1865ቱ አሜሪካ ጋር ስናነጻጽር ብዙ ዘግይተናል። አማርኛ «አርነት» የሚል ድንቅ ቃል አለው፤ ከ«ባርነት» የሚለየው በአንዲት ፊደል ነው። ኢማንሲፔሽንን ከዚህ የበለጠ የሚፈታ የለም። ወረቀቱ ግን «ነፃ መውጣት» ብሎ አልፎታል። ባሪያ የሚለው ቃል ደግሞ በአዋጅ አልተሻረም። ዛሬም ጠቆር ያለ ልጅ ሰፈር ውስጥ የሚሰደብበት ቃል ነው።

ይህን የማውቀው ከመጽሐፍ አይደለም። ዳግላስን ሳስተምር፣ በእንግሊዝኛ ጀምረን በአማርኛ በምንጨርሰው ትምህርት፣ ያንን ቃል በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደምለው አልቆጥርም ነበር። ክፍሉ እንዲነቃ ስል አንዳንዴ ቀልድም እጨምርበት ነበር። አንድ ከኋላ የሚቀመጥ፣ ዝምተኛ፣ ጎበዝ ተማሪ የመጨረሻ ጽሑፉን ሊያስረክብ ቢሮዬ መጣ። ጽሑፉን ጠረጴዛው ላይ ካስቀመጠ በኋላ ትንሽ ቆመ።

«መምህር፣ ያንን ቃል በተናገሩ ቁጥር ክፍሉ ዞሮ የሚያየው እኔን ነበር» አለኝ።

«ቃሉ እኮ ነው፤ ትርጉሙ ነው» አልኩት።

«እሺ» ብሎ ወጣ። ጽሑፉ ግሩም ነበር፤ ኤ ሰጠሁት። ኤ መስጠቴን መልስ አድርጌ ቆጥሬው ብዙ ዓመት ኖርኩ። በጽሑፉ ውስጥ አንድም ቦታ ባሪያ እንዳላለ፣ ሁሌም «በባርነት የተያዘው ሰው» ወይም በቀጥታ «ዳግላስ» እያለ እንደጻፈ ያስተዋልኩት ቆይቼ ነው፤ አስተማሪነቱን ከተውኩ በኋላ፣ ወረቀቶቼን ሳገላብጥ። ያን ጊዜ የት እንዳለ እንኳ አላውቅም ነበር።

ስለዚህ ያን እሁድ ከእህቴ ልጅ ጋር እስኪመሽ ተቀመጥን። ስሌቭን «በባርነት የተያዘ ሰው»፣ ባቡሩን «ኅቡዕ የማምለጫ መስመር»፣ አቦሊሽንን «ባርነትን ማስወገድ» አልናቸው። ካሳው ለማን እንደተከፈለ ስነግራት «ውሸትህን ነው!» አለችና ስልኳን አውጥታ ልታጣራ ጀመረች። ደስ አለኝ።

ረቡዕ ማታ ደወለች። አሥራ ሰባት ከሃያ። ስሌቭ ላይና ባቡሩ ላይ ኤክስ ተደርጎባታል፤ መልሱ ከወረቀቱ ጋር ስላልገጠመ። ፉጂቲቭንም እንደዚሁ። አቦሊሽን ብቻ ታልፎላታል፤ አስተማሪው «ባርነትን» የምትለዋን በቀይ ሰርዞ «ማስወገድ»ን ራይት አድርጎታል።

«ጋሼ፣ ጓደኞቼ ሁሉ ሃያ ነው ያገኙት» አለች። የሚቀጥለው ሳምንት ቃላት ስለ አየር ንብረት ለውጥ ነው አሉ፤ እሱን እናቷ ትጠይቃታለች።